ከመርከቧ ወሬ ባሻገር፦ የኮልሪጅ ቴይለር የቫዮሊን ኮንቸርቶ

ስለዚህ ኮንቸርቶ የሚያወራ ሰው ሁሉ ከመርከቧ ይጀምራል። የኮንሰርቱ መርሐ ግብርም፣ የሬዲዮ አስተዋዋቂውም፣ የአልበሙ ማብራሪያም ያው ናቸው። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ እንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ ሳሙኤል ኮልሪጅ ቴይለር በ1912 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቫዮሊን ኮንቸርቶ ጻፈ፤ ኖታውን ወደ አሜሪካ ላከ፤ ኖታው ከታይታኒክ ጋር ሰጠመ፤ ሌላ ቅጂ በጥድፊያ ተዘጋጀ፤ ሥራው ለሕዝብ ከቀረበ ሦስት ወር ሳይሞላ ደራሲው ሞተ።

ከዚህ ውስጥ ኖታው መንገድ ላይ መጥፋቱና ሌላ መዘጋጀቱ እውነት ነው። የደራሲው ሞትም እውነት ነው። ታይታኒክ ግን ከማስረጃ ይልቅ በወሬ የቆመች ናት። መርከቧ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ሰጠመች፣ ኖታው በዚያው ሰሞን ጠፋ፣ ሰው ሁለቱን ገጠማቸው። ማን ይፈርድበታል? እንዲህ ያለ ታሪክ ተገኝቶ ዝም ይባላል?

እኔን የሚያሳስበኝ ወሬው እውነት መሆን አለመሆኑ አይደለም። ወሬው ተነግሮ ሲያበቃ ለሙዚቃው የሚተርፈው አንድ ዓረፍተ ነገር መሆኑ ነው፤ “ውብ፣ የተረሳ፣ ሊሰማ የሚገባው ሥራ” ይባልና ይታለፋል። ይኼ ኮንቸርቶ ሁለት ጊዜ ተቀብሯል ብዬ አስባለሁ። መጀመሪያ በዝምታ፣ አሁን ደግሞ በአዘኔታ። ከዝምታው የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ወጥቷል። ከአዘኔታው ግን ገና አልወጣም፤ የሚያወጣውም ሌላ ነገር ሳይሆን ሥራውን እንደ ሥራ መስማት፣ መውደድ፣ ካስፈለገም መተቸት ነው።

ደራሲውን ለማያውቁት በአጭሩ። ኮልሪጅ ቴይለር ነሐሴ 1875 ለንደን ውስጥ ተወለደ። አባቱ ከሴራሊዮን ለሕክምና ትምህርት የመጣ ዶክተር፣ እናቱ እንግሊዛዊት ነበሩ። አባትየው ወደ አፍሪካ ስለተመለሱ ልጁ ያደገው ከለንደን ደቡብ ባለችው ክሮይደን፣ በእናቱና በእናቱ አባት ቤት ነው። አያትየው ፈረስ ጫማ የሚመቱ አንጥረኛ ነበሩ፤ ቫዮሊን ይጫወቱም ነበር። የልጁን ጣት ክሩ ላይ ያስቀመጡት እሳቸው ናቸው። በ15 ዓመቱ ሮያል ኮሌጅ ኦቭ ሚዩዚክ ሲገባም የገባው የቫዮሊን ተማሪ ሆኖ ነበር። ወደ ድርሰት ያዞረው በኋላ ነው፤ መምህሩም ቻርልስ ቪሊየርስ ስታንፎርድ ነበሩ።

ይህን የቫዮሊን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ያስፈልገናል። ኮንቸርቶ ማለት አንድ ተጫዋች ከሙሉ ኦርኬስትራ ፊት ለፊት ቆሞ፣ አንዴ እየተነጋገረ አንዴ እየተሟገተ የሚሄድበት፣ ብዙ ጊዜ ሦስት ክፍል ያለው ሥራ ነው። ብዙ ደራሲዎች የማይጫወቱበትን መሣሪያ ከውጭ ሆነው አጥንተው ይጽፉለታል። ኮልሪጅ ቴይለር ግን ክሩን ከልጅነቱ ጀምሮ በጣቱ ያውቀዋል።

ዝናው የመጣው በ23 ዓመቱ፣ በ1898 ነው። በመስከረም፣ ኤልጋር ባቀረበው ጥቆማ፣ ግሎስተር ላይ በተደረገው ትልቅ የሙዚቃ በዓል አንድ የኦርኬስትራ ሥራው ተሰማ። በኅዳር ደግሞ “የሃያዋታ የሠርግ ድግስ” የተሰኘው የመዘምራንና የኦርኬስትራ ሥራው በኮሌጁ ቀረበ፤ ከዚያ በኋላ እንግሊዝ ውስጥ ይህን ያልዘመረ የመዘምራን ቡድን ነበር ለማለት ይቸግራል። ደራሲው ሥራውን ለአሳታሚው በ15 ጊኒ ገደማ አንድ ጊዜ ሸጦት ስለነበር ከዚያ ሁሉ ሽያጭ የደራሲነት ድርሻ አላገኘም። ከዚያ ወዲያ የኖረው በሥራ ብዛት ነው። ያስተምራል፣ የመዘምራን ማኅበራትን ይመራል፣ በውድድሮች ይዳኛል፣ ለቲያትር ቤት ሙዚቃ ይጽፋል። በ1912 ነሐሴ መጨረሻ ክሮይደን ባቡር ጣቢያ ላይ ወደቀ፤ መስከረም 1 ቀን በሳንባ ምች ሞተ። 37 ዓመቱ ነበር።

እዚህ ላይ የሕይወት ታሪኩን ላቁም። ከዚህ ካለፍኩ እኔም ያማረርኩትን ማድረጌ ነው።

ስለ ኮንቸርቶው አወላለድ ማወቅ ያለብን አንድ ዋና ነገር አለ፤ እሱም ከመርከቧ ይልቅ ትርጉም ያለው ነው። ሥራው የተጻፈው በአሜሪካዊው ባለጸጋ ካርል ስቶክል ጥያቄ ነው። ስቶክልና ባለቤቱ ኮኔቲከት ውስጥ ባለችው ኖርፎክ በየዓመቱ የሙዚቃ በዓል ያዘጋጁ ነበር፤ ኮልሪጅ ቴይለርም በ1910 እንግዳቸው ሆኖ ሄዶ ነበር። ተጫዋቿ ሞድ ፓውል ናት፤ በዘመኗ ከነበሩት የአሜሪካ ቫዮሊን ተጫዋቾች ስሟ ከፊት የሚጠራ። የቻይኮቭስኪንና የሲቤሊየስን ኮንቸርቶዎች ለአሜሪካ ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰማችው እሷ ናት። ለማንም ብላ ቀላል ነገር የምትጫወት ሴት አልነበረችም።

የመጀመሪያው ሐሳብ ኮንቸርቶው በጥቁር አሜሪካውያን መንፈሳዊ መዝሙሮች ላይ እንዲመሠረት ነበር። ኮልሪጅ ቴይለር በዚያው መንገድ ጀመረ፤ ሠራም። በመጨረሻው ክፍል “ያንኪ ዱድል” የሚባለውን የአሜሪካኖች ዘፈን ሳይቀር አስገባ። ውጤቱ ግን አላረካም። ታዲያ ምን አደረገ? አልጠጋገነውም። አንስቶ አስቀመጠውና ሌላ ኮንቸርቶ ከዜሮ ጻፈ፤ ከማንም መዝሙር ያልተበደረ፣ ዜማው ሁሉ የራሱ የሆነ። ዛሬ የምንሰማው ይህን ሁለተኛውን ነው። ጂ ማይነር፣ ኦፐስ 80፣ ለሞድ ፓውል የተበረከተ።

ይኼን ነገር ቆም ብላችሁ እዩት። ሰውየው በመንፈሳዊ መዝሙሮቹ የሚያፍር አልነበረም። በ1905 ከአፍሪካና ከጥቁር አሜሪካውያን የተወሰዱ 24 ዜማዎችን ለፒያኖ አሰናድቶ አሳትሟል፤ የመጽሐፉን መቅድም የጻፉት ቡከር ቲ ዋሽንግተን ናቸው። ብራምስ ለሃንጋሪ፣ ድቮርዣክ ለቦሄሚያ፣ ግሪግ ለኖርዌይ ባህላዊ ዜማ ያደረጉትን እኔ ለነዚህ ዜማዎች ለማድረግ ሞክሬያለሁ የሚል ሐሳብ እዚያው አስፍሯል። ሞድ ፓውልም ከነዚያ ዜማዎች አንዱን ለቫዮሊን አዘጋጅታ በ1911 ሸክላ ላይ አስቀርጻለች። እንግዲህ ያንን መንገድ ያውቀዋል፣ ይወደዋል፣ ተሳክቶለትበታልም። በኮንቸርቶው ግን ተወው። አንድ የሙዚቃ ደራሲ የሚወደውን ነገር “እዚህ ቦታ አይሆንም” ብሎ ሲተው፣ እኔ እሱን የማየው እንደ ሽንፈት ሳይሆን እንደ ጆሮ ነው።

አሁን ወደ ሙዚቃው።

የመጀመሪያው ክፍል የሚከፈተው በግርማ ነው። ኦርኬስትራው ሰፊ ዜማ ይዞ ይወጣል፤ እግሩን አጥብቆ የሚረግጥ፣ አጭር ምት ደጋግሞ የሚመታ ዜማ። ቫዮሊኗ ብዙ አታስጠብቅም። ገብታ ዜማውን ትረከብና እንደ ራሷ ታደርገዋለች። እዚህ ላይ ነው የአንጥረኛው አያት ትምህርት የሚሰማው። ቫዮሊኗ የምትዘምረው ለመሣሪያው በሚመች ቦታ፣ ድምጹ ወፍራምና ሞቃት በሚሆንበት ነው፤ ወደ ላይ ስትወጣም ለማስደነቅ ሳይሆን ሐረጉ ራሱ ስለወሰዳት ነው የሚመስለው። ፈጣን ጣት የሚጠይቁ ቦታዎች አሉ፤ ነገር ግን ጭብጨባ የሚለምኑ አይደሉም። ቀጥሎ የሚመጣው ሁለተኛው ሐሳብ ፈጠን፣ ቀለል ያለ ነው፤ ያን ሁሉ ግርማ አልፎ ፈገግ እንደ ማለት።

ጉድለቱንም ልናገር። ኮልሪጅ ቴይለር አንድ አጭር ሐረግ ሲወድ አይለቀውም። በ“ሃያዋታ” ይኼ ልማዱ ከግጥሙ ምት ጋር ተስማምቶለት ነበር። እዚህ ግን በመጀመሪያው ክፍል መካከል ላይ፣ ሐሳቡ ሊያድግ ሲገባው ከፍ ባለ ድምጽ የሚደገምበት ቦታ አለ። ድቮርዣክ ቢሆን ከዚያ ሐረግ ሌላ ሐረግ ያበቅል ነበር። የኦርኬስትራው ነሐስም አንዳንዴ ቫዮሊኗን ከማጀብ ይልቅ የሚጫናት ይመስለኛል። እነዚህን ያላስተዋለ ተቺ ወይ አልሰማም፣ ወይ አዝኖለት ዝም ብሏል። ሁለቱም ለደራሲው አይበጁትም።

ሁለተኛው ክፍል የሥራው ልብ ነው። ደራሲው በመግቢያው ላይ ያሰፈረው የአጨዋወት መመሪያ “አንዳንቴ ሴምፕሊቼ” ይላል፤ በእርጋታ፣ ያለ ማስመሰል እንደ ማለት ነው። ይኼን ቃል አምኖ መጻፍ ከባድ ነው። በዚያ ዘመን የኮንቸርቶ መካከለኛ ክፍል የለቅሶና የፍቅር ኑዛዜ ቦታ ነበር። እዚህ ግን ዜማው ማንንም ለማስለቀስ አይቸኩልም። እንደ ሕፃን ማስተኛ ቀላል ሐረግ ይጀምራል፤ ኦርኬስትራው ከሥር ብዙ ሳይናገር ይይዘዋል። ቫዮሊኗ ስትመለስበት ትንሽ ትለውጠዋለች፤ አንድ ጌጥ ትጨምራለች፣ አንድ ድምጽ ታቆያለች። ዜማው ሲመለስ እናውቀዋለን፣ ግን ያው አይደለም። በመጀመሪያው ክፍል የወቀስኩት መደጋገም እዚህ ተገላቢጦሽ በረከት ሆኗል። ድግግሞሹ መጮኽ ትቶ ማሰብ ጀምሯል።

ይህን ክፍል ስሰማ የሚገርመኝ ዝምታው ነው። ከቀን ወደ ቀን በባቡር እየተመላለሰ ሦስት አራት ቦታ የሚሠራ፣ ድካሙ ሊገድለው ጥቂት ወራት የቀሩት ሰው፣ እንዲህ የማይቸኩል ነገር ከየት አመጣ? ብያችሁ ነበር፤ የሕይወት ታሪክ ይጎትታል። አልጎተትም።

ሦስተኛው ክፍል ፈጣን ጭፈራ ነው። የሚያነሳሳ ነው፤ ደጋኑ ክሩ ላይ ይዘላል፣ ኦርኬስትራው ይመልስለታል። ከሦስቱ ክፍሎች በቀላሉ የሚወደደው ይኼ ነው፤ በቀላሉ የሚረሳውም ይኼ ነው። አንድ ነገር ግን ያድነዋል። ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ደራሲው ሩጫውን ይገታዋል። ሌሎች ፍጥነቱን ጨምረው ጭብጨባውን በሚያስገድዱበት ቦታ እሱ ቀስ አድርጎ የመጀመሪያውን ክፍል ግርማ መልሶ ያስታውሰናል። ሠላሳ ደቂቃ ገደማ የሚፈጀው ሥራ የሚዘጋው በእሽቅድምድም ሳይሆን የመጣበትን ዞር ብሎ በማየት ነው።

እንግዲህ ይህን ያህል ነገር ያለው ሥራ ለምን ጠፋ? ቀላሉ መልስ “በቆዳው ቀለም” የሚለው ነው። መልሱ ውሸት አይደለም። ኮልሪጅ ቴይለር ክሮይደን መንገድ ላይ ስድብ ይከተለው እንደነበር ልጁ ጽፋለች፤ ጎረምሶች ስለ መልኩ ሲናገሩ እጇን ይበልጥ አጥብቆ ይይዛት ነበር። ይኼ ሰው ዘረኝነትን የሚያውቀው በመጽሐፍ አይደለም። ነገር ግን ይኼ መልስ ብቻውን አይበቃም፤ ያው ሕዝብ እኮ “ሃያዋታ”ን ከ1924 ጀምሮ እስከ 1939 ድረስ በሮያል አልበርት ሆል አልባሳት ለብሶ፣ መድረክ አስጊጦ፣ በየዓመቱ ለማለት በሚቻል መልኩ ሲያሳይ ኖሯል። ደራሲው አልተረሳም ነበር። የተረሳው ኮንቸርቶው ነው።

ሌሎች ምክንያቶች አሉ፤ ከጀግና ታሪክ ያነሱ፣ ግን እውነተኞች። አንደኛ፣ ኮንቸርቶ ጠባቂ ይፈልጋል። ወይ ደራሲው እየዞረ ያስጫውተዋል፣ ወይ ተጫዋቹ ይዞት ይዞራል። ሥራው ሰኔ 4 ቀን 1912 በኖርፎክ ሲቀርብ ደራሲው በቦታው አልነበረም። በጥቅምት ለንደን ውስጥ፣ በኩዊንስ ሆል፣ አርተር ካተራል በሄንሪ ዉድ መሪነት ሲጫወተው ደግሞ ደራሲው ሞቷል። ሞድ ፓውልም በ1920 ሞተች። ሁለተኛ፣ የኤልጋር የቫዮሊን ኮንቸርቶ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1910፣ በፍሪትዝ ክራይዝለር ተጫዋችነት ወጥቶ ነበር። ያ ግዙፍ፣ ሃምሳ ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ፣ ሁሉን የሚውጥ ሥራ ነው። በአንድ አገር፣ በአንድ አሥር ዓመት፣ ለሁለተኛ የቫዮሊን ኮንቸርቶ ብዙ ቦታ አልነበረም። ሦስተኛ፣ በ1913 ፓሪስ ላይ የስትራቪንስኪ “የጸደይ ሥርዓት” ተሰማ፤ በ1914 ጦርነቱ መጣ። የድቮርዣክን ፈለግ የሚከተል፣ ዜማውን የሚያምን ሙዚቃ በሁለት ዓመት ውስጥ የሽማግሌ ሙዚቃ መሰለ።

አራተኛውን ምክንያት መናገር ይከብዳል፦ የራሱ ዝና ነው። “የሃያዋታ ደራሲ” የሚለው ስም ሌላውን ሁሉ ሸፈነው፤ “ሃያዋታ” ከፋሽን ሲወጣ ደግሞ ሁሉንም ይዞ ወጣ።

ትንሣኤው የመጣው በዚህ ክፍለ ዘመን ነው። በ2004 ፈረንሳዊው ፊሊፕ ግራፋን ከጆሃንስበርግ ፊልሃርሞኒክ ጋር ቀረጸው፤ እዚያው አልበም ላይ የድቮርዣክ ኮንቸርቶ አብሮ አለ። በ2005 አንቶኒ ማርዉድ ከቢቢሲ ስኮትላንድ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር፣ ከሌላ የተረሳ እንግሊዛዊ፣ ከአርተር ሶመርቬል ኮንቸርቶ ጎን አስቀመጠው። በ2022 ደግሞ ኢሌና ዩሪዮስቴ ከቺኔኬ ኦርኬስትራ ጋር አወጣችው፤ ቺኔኬ በ2015 በቺ-ቺ ንዋኖኩ የተመሠረተ፣ ጥቁርና ከተለያየ ዘር የመጡ ሙዚቀኞች የሚሰባሰቡበት ኦርኬስትራ ነው። ሦስቱንም ስታነጻጽሩ አንድ ነገር ይገባችኋል፤ ተጫዋቾች በአተረጓጎሙ ላይ የሚለያዩበት ሥራ በሕይወት ያለ ሥራ ነው። ግራፋን ጊዜውን እንደ ተናጋሪ ይስባል፣ ይለቃል። ማርዉድ ቀጥ ያለ ነው፤ በእሱ እጅ የመጀመሪያው ክፍል ድግግሞሽ አይሰለችም፤ አያባብለውምና። ዩሪዮስቴ ደግሞ ሁለተኛውን ክፍል ለብቻው ሰው የምታንጎራጉረው ታስመስለዋለች።

ከነዚህ አልበሞች አንዱን አብሮኝ ያዳመጠ አንድ ወዳጄ ሲያልቅ የጠየቀኝ ጥያቄ ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት ሆኗል።

“ጥሩ ነው፤ ግን አፍሪካው የቱ ጋ ነው?” አለኝ።

ንቀት አልነበረበትም፤ እንዲያውም ጉጉት ነበረበት። ስለ ደራሲው አባት ነግሬው ነበር። ጆሮውን ቀስሮ ከበሮ ወይም የሚያውቀውን ቅኝት ሲጠብቅ ቆይቷል። አልመጣለትም። ትንሽ ቅር አለው።

እኔ ደግሞ ያ ቅሬታ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም የኛ ብቻ አይደለም። ያው ጥያቄ ነው በ1911 ከአትላንቲክ ማዶ ለኮልሪጅ ቴይለር የቀረበለት፤ በመንፈሳዊ መዝሙር ጻፍልን የተባለው። ለብራምስ የቫዮሊን ኮንቸርቶ “ሃምቡርጉ የቱ ጋ ነው?” ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከኮልሪጅ ቴይለር ግን ማስረጃ ይፈለጋል፤ ሙዚቃው መታወቂያ እንዲያሳይ ይጠበቃል። ጠያቂው ባላጋራ ሲሆን “አፍሪካዊ ነህና እዚያው ሁን” ይለዋል፤ ወዳጅ ሲሆን “አፍሪካዊ ነህና አሳየን” ይለዋል። ሁለቱም በሩ ላይ ቆመው መታወቂያ ይጠይቃሉ።

በኛ ዘንድ ፈተናው ልዩ መልክ አለው። የኮልሪጅ ቴይለርን የሥራዎች ዝርዝር የሚያገላብጥ ኢትዮጵያዊ ኦፐስ 51 ላይ ሲደርስ መደንገጡ አይቀርም፤ “ኢትዮጵያ ለባንዲራው ሰላምታ ስትሰጥ” የሚል ማርሽ አለ። ልባችን ዘለል ይላል። ነገር ግን ርዕሱ የዋልት ዊትማን ግጥም ርዕስ ነው፤ “ኢትዮጵያ” የተባለችውም በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የሚያልፈውን ጦር ባንዲራ እጅ የምትነሳ አንዲት ጥቁር አሮጊት ባሪያ ናት። በዚያ ዘመን ቃሉ ጥቁር ሕዝብን በጅምላ መጥሪያ ነበር። አገራችን አይደለችም። በ1900 ለንደን ላይ የተደረገው የመጀመሪያው የፓን አፍሪካ ጉባኤም አለ። ኮልሪጅ ቴይለር የሙዚቃውን ክፍል ይዞ ነበር፣ ዱ ቦይስ ነበር፣ ሄይቲያዊው ቤኒቶ ሲልቫንም የአፄ ምኒልክ ወኪል ሆኖ ተገኝቷል። ይኼኛው እውነተኛ ግንኙነት ነው፤ ደስ ይላል። ግን በአንድ አዳራሽ መገናኘት ኮንቸርቶውን የኛ አያደርገውም፤ የተሻለም የከፋም አያደርገውም።

ወዳጄን የመለስኩለት እንዲህ ብዬ ነው፦ አፍሪካዊው ነገር የተጣለው የመጀመሪያው ረቂቅ አይደለም፤ ሁለተኛውን መጻፉ ነው። የአንድ ሴራሊዮናዊ ልጅ በ1912 ከኦርኬስትራ ፊት ቆሞ፣ ምንም ምልክት ሳያወጣ፣ የትም አገር ያለ ደራሲ የሚናገረውን ቋንቋ በራሱ አንደበት መናገሩ ነው። እንደ ኤልጋር፣ እንደ ድቮርዣክ፣ እንደ ልቡ የመጻፍ መብት። ሰው ወንድሙን በደሙ ሊያውቀው ይችላል። ሙዚቃውን ግን የሚያውቀው በጆሮው ብቻ ነው።

“ይኼ የሽሽት ማሳመሪያ እንዳይሆን!” አለኝ ወዳጄ።

ሊሆን ይችላል የሚል ሰው አለ፤ ክርክሩም ይገባኛል። የኦርኬስትራውን ዓለም በር የያዙት ሰዎች የሚሰሙት አንድ ቋንቋ ብቻ ከሆነ ያንን ቋንቋ መምረጥ ምን ያህል ምርጫ ነው? ግን ለሽሽት የጻፈ ሰው 24ቱን ዜማዎች አያሳትምም፣ ፓን አፍሪካ ጉባኤ ላይ አይገኝም፣ አፍሪካዊነቱንም በሥራዎቹ ርዕስ ላይ አይለጥፍም። ሲፈልግ አድርጎታል። እዚህ አልፈለገም።

የዛሬ አዘጋጆች ይህን ሥራ የሚያስታውሱት ብዙ ጊዜ በጥቁሮች ታሪክ ወር ወይም “የተረሱ ድምጾች” በሚል መርሐ ግብር ውስጥ ነው። ያ ባይኖር ጭራሽ ላንሰማው እንችል ነበርና በረከቱን አልክድም። ነገር ግን በዚያ ወር ብቻ የሚሰማ ሥራ እንደ ተሸለመ ሐውልት ነው፤ አበባ ይቀመጥለታል እንጂ ማንም አያናግረው። እኔ የምመኘው ተራ የሆነ ቀን ነው። አንድ ተራ ሐሙስ፣ በአንድ ተራ የኮንሰርት ምሽት፣ ከእረፍት በፊት ኮልሪጅ ቴይለር፣ ከእረፍት በኋላ ብራምስ። ተጫዋቹ በመጀመሪያው ክፍል መካከል ላይ ያለውን ድክመት እንዴት እንደተወጣው አድማጮች ሻይ ይዘው የሚከራከሩበት። መርከቧን ማንም የማያነሳበት።

ለመስማት ለምትፈልጉ፦ ከሁለተኛው ክፍል አትጀምሩ፤ ውበቱ ሌላውን ያስንቃችኋል። ከመጀመሪያው ጀምሩ፣ ግርማው ትንሽ ቢያደክማችሁም ታገሡት። ያን የመሰለ እርጋታ ከዚያ ሁሉ ድምጽ በኋላ ሲመጣ ነው ምን ያህል ድፍረት እንደጠየቀ የሚታወቀው። ስልክ ላይ በሚወጣ ቀጭን ድምጽ አትስሙት፤ የቫዮሊኗ የታችኛው ክር ይጠፋባችኋል፣ ሥራው ያለው ደግሞ እዚያ ነው። መጀመሪያ የማርዉድን ስሙ፣ ቅርጹን ያሳያችኋል። ከዚያ የዩሪዮስቴን። የአልበሙን ማብራሪያ ማንበብ ካለባችሁ ሙዚቃው ካለቀ በኋላ አንብቡት።